ባለ ሦስት ታፔላው ቢርካ

«ኩፖን የሌለው ፍየል አይገባም» አለኝ ዘበኛው በሩን እየዘጋ። ፍየሎቼ ውሃ ካዩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ኩፖን ከየት ያምጡ። ከቀብሪበያ ወጣ ብሎ ያለውን ይህን ቢርካ፣ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ፣ ወታደር ሳለሁ ከጓዶቼ ጋር በአካፋ የቆፈርነው እኛ ነን። አለቃችን ሻምበሉ ጥላ ሥር ቆሞ «በርቱ፤ በዚህ አገር ቢርካ የቆፈረ ሰው ከነከብቱ ቀድሞ ይጠጣል» ይለን ነበር። በረታን። ፊደል ባልቆጥርም ታፔላውን በቀለሙ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ አረንጓዴ ነበር፣ የጦሩ። ሻምበሉ የደንብ ልብሱን አውልቆ ሹመኛ ሲሆን ሰማያዊ ተደረገና ያንኑ ቢርካ ሪባን ቆርጦ መረቀልን፤ እኛም አጨበጨብን። ከሹመቱ ሲወርድ ታፔላው ቀይ ሆነ፣ ዙሪያው ታጠረ፣ እሱም ባለሀብት ተባለ። ሰውየው አገር ማገልገል አይሰለቸውም።

እዚያው በሩ ላይ እንደቆምኩ የሻምበሉ መኪና ደረሰ። መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ ሻምበል ልበለው ወይስ ክቡርነትዎ ብዬ ግራ ገባኝና ለሁሉም የሚሆነውን «ጌታዬ» መረጥኩ።

«ጌታዬ፣ የቆፈረ ከነከብቱ ቀድሞ ይጠጣል ብለውን ነበር።»

አወቀኝ። እጁን በመስኮት አውጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ፈገግታው ያው የድሮው ነው፣ እሱን ብቻ አልቀየረም።

«ብያለሁ አባባ፣ ቃሌን አላጥፍም» አለኝ። «ግን ያኔ ቆፍራችሁ ስትጨርሱ ቀድማችሁ ጠጥታችሁ የለ እንዴ? አሁን ተራው የሌላ ሰው ነው።»