የሁለት ሰው ሒሳብ

ለእኛ ለጣሪያ ሠሪዎች ሒሳቡ የሚጨምረው ቤቱ ሲረዝምና ጣሪያው ሲሾል ነው። ዓለም ባንክ ሰፈር አንድ ሹል ጣሪያ ለሁለት ተዋውለን ጓደኛዬ ቀረ፤ ብቻዬን ወጥቼ ቆርቆሮ ስመታ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ስወርድ የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት ትልቅ ሴትዮ፣ የሁለታችንንም የቀን ሒሳብ ከነጭማሪው ሰጡኝ። ተሳስተው ነው ብዬ ብሩን ኪሴ ከተትኩት፤ የገባ ብር አይመለስም።

«ግማሹን ለጓደኛህ ስጠው፣ አደራ!» አሉኝ። «አንተ ምሳ ስትበላ እንኳ እሱ መዶሻውን አላሳረፈም።»

«የቱ ጓደኛዬ፣ ማዘር?»

ከጣሪያው ላይ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ መጣ። መዶሻዬ እጄ ላይ ነው። ግማሹን ብር መሰላሉ ሥር ድንጋይ ጭኜበት አስቀመጥኩ። ድምፁ ቀጥ አለ።