ምረጡን ብለን ያጠርነው አጥር

የምርጫ ሰሞን ነው፤ ቆቦ ውስጥ ለፓርቲዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ እቀሰቅሳለሁ። እማማ ዘሃራ የሚባሉ ባልቴት ደጅ ቆሜ «ቤቶች!» አልኩ። «ግባ ልጄ፤ የጓሮ አጥሬ ፈርሶብኛል፣ እያገዝከኝ ታወራለህ» አሉኝ። ብገባ የተፎካካሪያችን ቀስቃሽ እጅጌውን ሰብስቦ እሾህ ይጎትታል! ታዲያ ድምፃቸውን ለሱ ትቼ ልሂድ? እኔም ገባሁበት። ሁለታችንም ከውጭ በኩል ሆነን እያጠርን፣ እኔ መንገድ፣ እሱ ውሃ ቃል ስንገባላቸው፣ እሳቸው ከውስጥ «አላህ ያክብራችሁ፤ እዚያ ጋ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት» ይሉናል። ልክ ስንጨርስ በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።

«እማማ፣ ታዲያ ማንን ይመርጣሉ?» አልኩ፣ እጄን የወጋኝን እሾህ እየነቀልኩ።

«እሱን ለኮሮጆው እነግረዋለሁ። አጥሩንስ ያሳጠርኳችሁ ቀስቃሽ በፈረሰው እየገባ አላስቀምጥ ቢለኝ አይደል!»