ፕሮቲኑ በዝቷል

በኢሕአዴግ ጊዜ ነው። ወደ ታቦር ሰፈር በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ ዓሣ የያዙ አንዲት እናት አጠገባቸው ለተቀመጠው ጎልማሳ ያወራሉ።

«ታናሽ ወንድሜን ምግብ አልወርድ አለው። የጉሮሮ ካንሰር ነው አሉን።»

«እግዜር ይማርልዎ፣ እማማ።»

«አሜን! ብቻ የዓሣ ሾርባው ጠቅሞታል።»

«በምን አወቁ?»

«ከዕጢው ቆንጥረው መርምረው፣ ‹ፕሮቲኑ በጣም በዝቷል› አሉና!»

«እማማ፣ የዕጢ ፕሮቲን እኮ ከምግቡ አይደለም፤ ሲበዛ ክፉ…»

«እኮ ምን?»

«ምንም። ዶክተሩ ሌላስ ምን አሉ?»

«‹ቤት ውሰዱት፣ ያማረውን አብሉት› አሉ።»

«መድኃኒትስ?»

«አላዘዙም። ቢሻለው አይደል?»



«ታዲያ ሾርባውን ቀጠን አድርገው ይስጡት፣ እማማ።»

እኔ ከኋላቸው ምራቄን ዋጥኩ፤ ያለ ምንም ችግር ወረደልኝ።