ናፖሊን የምታውቀው ሹፌራችን

ነይ ሱልጣናዬ፣ ከኋላ ከእኔ ጋር ተቀመጪ። የፊቱን ወንበር ለመቅደስ እንተውላት፤ እንግዳ ናት፣ ስንመለስ መንገዱን እያየች ትምጣ። ጃኬትሽን ገና አታውልቂ፤ የእኛ ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል፣ ጁላይም ሆነ ዲሴምበር ጉሙ ያው ነው። ሳን ሆዜ ስንደርስ ግን ጉድ ታያለሽ። አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ከክረምት ወደ በጋ! እኔስ ይሄ አገር አሁንም አልገባኝም። ሹፌራችን፣ በሩ ተዘግቷል፣ ንጂው እህቴ። ኤሲው አለመሥራቱ አያሳስብሽ፣ መስኮት አለ አይደል እንዴ? የናፖሊን ነሐሴ የቻለ ሰው የሳን ሆዜ ሐምሌ ምን ያደርገዋል?

አንቺ ሱልጣና ከመጣሽ ገና ስድስት ወርሽ ነው፣ ነገሩን አታውቂውም። መቅደስ ታናሽ እህቴ ናት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ናፖሊ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ ዘንድሮ ዲቪ ደረሳትና ይኸው ዛሬ በኒው ዮርክ በኩል ሳን ሆዜ ኤርፖርት ልትገባ ነው። ዘጠኝ ዓመት! ስትለየኝ ጉንጯ ሙሉ የሆነ ልጅ ነበረች፤ አሁን በምኔ ልለያት? ተመስገን ነው፣ ሹፌራችን አለችልኝ። አምና በነሐሴ ናፖሊ ሄዳ፣ ከመቅደስዬ ጋር ሁለት ሳምንት አብራ በልታ፣ አብራ ጠጥታ ተመልሳለች። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «መቅደስን ከሺህ ሰው መሀል ለይቼ አወጣታለሁ» ብላ የለም? ታዲያ ከእሷ ሌላ ማንን ልለምን? መጀመሪያ ላይማ እምቢ ብላኝ ነበር። ሺፍት አለብኝ አለች፣ ጎማዬ አያስተማምንም አለች፣ ወገቤን አለች... ትሕትናዋ ነው ብዬ ሰው ባለበት ደግሜ ለመንኳት። ሰው ባለበት ስትለመን እምቢ አትልም፤ እንደዚያ ናት።

መንገዱ እንዳይረዝምብሽ አንድ ወሬ ላጫውትሽ። ስም አልጠራም፤ እኔ ሰው ማማት አልወድም። ሴትዮዋንም አላውቃትም፣ ሲወራ የሰማሁት ነው። ሹፌራችን፣ አንቺ መንገድሽን እዪ፣ ይሄ የኋላ ወንበር ወሬ ነው።

አንዲት ሴት ነበረች አሉ፣ እዚሁ ቤይ ኤርያ። ደግ ሴት፣ ተጫዋች ሴት። እውነት ደግሞ እንዴት እንደምትወድ! በጣም ስለምትሳሳላት ቶሎ ቶሎ አታወጣትም፣ እንደ ክት ልብስ አጥፋ ነው የምታስቀምጣት። ታዲያ ይቺ ሴት ግሪን ካርዷ በመጣ በሦስተኛው ወር «አውሮፓ ልዝናና ነው» አለች። እሰይ አልናት... አሏት ማለቴ ነው። አውሮፓም እንዲሁ አውሮፓ አይደለም፣ ባሕር ዳር፣ ናፖሊ። ከሹፌራችን ጋር አገራቸው መግጠሙ! ዓለም ጠባብ ናት እኮ።

ስድስት ወር ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረም። በጉዞዋ ዋዜማ ኦክላንድ ላይ ሽኝት ተደረገላት፣ በግ ተገዛ፣ ስሟ ያለበት ኬክ ተቆረሰ፣ የሁለት ሳምንት መንገደኛ ሆና ሳለ እንደ ዘማች ተለቀሰላት። የእኛ ሰው ደግሞ ተጓዥ ካየ ባዶ እጁን ይሸኛል? ዕቃ ተጫነባት። የሮምም የሚላኖም መልእክት እሷ ላይ ሆነ፤ «ሁሉም ጣልያን አይደል እንዴ?» እያሉ። አንዱማ ጀርመን ላለው ወንድሙ የመኪና ባትሪ ቻርጀር አስይዟታል አሉ! አንዲት ሴት ደግሞ እዚያው ናፖሊ የምትሠራ ታናሽ እህት ነበረቻት። ለእሷ ሁለት ኪሎ በርበሬ በገዛ እጇ አዘጋጅታ፣ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ነጭ ጫማ ጨምራ ላከች። በርበሬዋን አትርሺብኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

መንገደኛዋ ለራሷ የያዘችው ምን መሰለሽ? ካፖርት። ወፍራም የሱፍ ካፖርት! አትሳቂ እንጂ ሱልጣና። ነሐሴ ነዋ! ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች ሴት ነሐሴ ምን እንደሆነ ይነገራታል? ኦክላንድም ስትመጣ ነሐሴ ጉም ነው። በዕድሜዋ ሁለት አገር አየች፣ ሁለቱም በነሐሴ ያንዘፈዝፋሉ። እና ናፖሊ ከማን ትበልጣለች ብላ ትጠርጥር?

ይኸው ሄይዋርድን አለፍን፣ ጉሙም ተገፈፈ። አሁን ጃኬትሽን ማውለቅ ትችያለሽ። ሹፌራችን ግን ጃኬቷን እንዳደረገች ናት... ወይ ብርታት!

እና ኤርፖርት ደረሰች። አራት ሻንጣ። ካውንተሩ ላይ ያለችው ልጅ «የጣልያን ቪዛሽስ?» አለቻት። «ግሪን ካርድ አለኝ!» አለች፣ ደረቷን ነፍታ። እሱ አሜሪካ የምትገቢበት እንጂ ጣልያን የምትገቢበት አይደለም ተባለች። እኔ እዚህ ላይ አልፈርድባትም፣ እውነቴን ነው። ያን ሁሉ ዓመት ተለፍቶ አንድ ወረቀት ከተገኘ በኋላ፣ ሌላ ወረቀት ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር ከእኛ ውስጥ ማን አለ? እኔም ብሆን እሳሳት ነበር። ሻንጣዋን ይዛ ብትመለስ ትንሽ እንስቅባት ነበር፣ ከበጉ የተረፈውን አብረን እንጨርስ ነበር፣ በቃ።

ግን እንዴት ትመለስ? ኬኩስ? ለቅሶውስ? አየሽ፣ ለሰው የምታስብ ሴት ናት፤ የሰው እንባ በከንቱ እንዲቀር አልፈለገችም። አራቱን ሻንጣ አስጭና ሳን ሆዜ፣ የአጎቷ ልጅ አፓርትመንት ገባች። ሁለት ሳምንት። በፋራናይት መቶ ዲግሪ ሙቀት፣ ግቢው ውስጥ የመዋኛ ፑል አለ፣ ከዚያ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያው ሆና ኦክላንድ ኮል ታደርግ ነበር። «ሙቀቱ አይጣል ነው! ውሃው ከደጃፌ ነው! ሰዉ ሁሉ እርቃኑን ነው የሚውለው!» እስቲ ፍረጂ፣ ከዚህ ውስጥ የቱ ነው ውሸቱ? አንድ ቃል አልዋሸችም። ስልኩ ደግሞ ጥራቱ! ባሕር ተሻግሮ የመጣ ድምፅ አይመስልም ነበር አሉ፣ ልክ ከሚቀጥለው ከተማ እንደሚደወል። አንድ ቀን ከበስተኋላዋ የአይስክሬም መኪና ሙዚቃ ተሰማ። «ጣልያኖች ዘፈን ይወዳሉ» አለች።

ፎቶውንም አምጥታ አሳየች። ሁሉም ላይ ሰማያዊ ውሃ። የሜዲትራኒያን ባሕር እንዲያ ጥርት ያለ መሆኑን፣ ጥግ ጥጉ ላይም መውጫ መሰላል እንዳለው ብዙ ሰው ያን ቀን ነው የተማረው። አስተማሪ ሴት!

ፍሪሞንት ነው ይሄ? ሹፌራችን፣ ምነው እንዲህ ቀስ አልሽ? የጭነት መኪናው ሁሉ እያለፈን እኮ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ወዲያኛው ነሐሴ ልውሰድሽ። ያቺ ናፖሊ ያለችው ልጅ... ሲኞራዋ ለበጋው ወደ ተራራ ስትወጣ አንድ ሳምንት ፈቃድ ለምና አገኘች። ለእንግዳዋ ፍራሽ ተዋሰች፣ ቬንቲላቶር ገዛች፣ ወጥ ሠራች። ከዚያ አንድ ትልቅ ካርቶን ቀድዳ የሴትዮዋን ስም በእኛም ፊደል በእነሱም ፊደል ጻፈችና፣ ከሮም በባቡር ትመጣለች ስለተባለች ባቡር ጣቢያ ሄደች። ከመጀመሪያው ባቡር እስከ መጨረሻው ባቡር ቆመች። እንግዳ የለም። በነጋታው ደግሞ ሄደች። ሙቀቱ አስፋልቱ ጫማ ሥር የሚጣበቅበት ሙቀት ነው፣ ያገሬው ሰው እንኳ ከተማውን ጥሎ የሚሸሽበት። እዚያ በረዶ በሎሚ የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ «ዛሬም አልመጣችም?» ይላታል። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌውም፣ ታክሲ ነጂዎቹም፣ ፖሊሱም ካርቶኑን እያነበቡ፣ ጠየም ያለች ሴት ከባቡር በወረደች ቁጥር ስሟን መጣራት ጀመሩ። አንዲት የሴኔጋል መነኩሲት ደንግጣ «አቤት!» አለች ይባላል። ናፖሊ ጣቢያ ላይ ያን ስም የማያውቅ ሰው አልነበረም! በእግር ሳይረግጡት አገር ላይ እንዲህ ስመ ጥር መሆን ለማን ተሰጥቶ ያውቃል?

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ እዚያው ዞሯት ወደቀች። ሽማግሌው ነው በረዶውን አናቷ ላይ አፍስሶ ያነሳት። ማታ ኦክላንድ ደወለች፣ እያለቀሰች። ለራሷ እንዳይመስልሽ። «እህቴ፣ አውሮፕላኑ ወድቆ ነው እንዴ? ሴትዮዋ ሞታ ነው?» እያለች። ላላየቻት ሴት ነው ያለቀሰችው። እህቷም ያንን ሰምታ መቀመጥ አቃታት። ለአየር መንገዱ ደወለች፣ ሻማ አበራች፣ እህል አልቀምስም አለች። በማግስቱ ስልኩ ጮኸ። ሴትዮዋ ናት! «እህትሽ እንዴት እንደተቀበለችኝ! በርበሬውን ስትቀምስ እኮ አለቀሰች!» እህትየው ያን ስልክ እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ምን አለች? «እሰይ፣ እግዜር ይስጥሽ» አለች። ሴትዮዋም፣ ልጅቷ ለእህቷ ሳትደውል ቀርታለች ማለት ነው ብላ ተዝናናች።

ወደ በርበሬው እንመለስ። ከጥቂት ወር በኋላ ሳን ሆዜ የመንገደኛዋ የአጎት ልጅ ቤት ክርስትና ተጠራን... ተጠሩ። ወጥ ቀረበ። እህትየው አንድ ጉርሻ እንደጎረሰች፣ የገዛ በርበሬዋ! ያዘጋጀችው፣ የለቀመችው፣ ቅመሙን መጥና የጨመረችው ሴት ምላሷ ይሳሳታል? ቀና ስትል ደግሞ ባለቤቲቱ በሠላሳ ስምንት ቁጥር ነጭ ጫማ እያነከሰች ታስተናግዳለች፣ በአርባ ቁጥር እግሯ። «እጅሽ ይባረክ፣ በርበሬው ግሩም ነው፣ ከየት ነው?» አለቻት። «ከጣልያን የመጣልን ነው» አለች፣ ምስኪን። እሷ በዪ የተባለችውን ነው የተናገረችው።

ለምን በዚያው አላጋለጠቻትም ትይኛለሽ። ትነግረኛለች ብላ ነዋ! ጓደኛዋ ነበረች፣ ትወዳት ነበር፣ ሱልጣና። «አፍሬ ነው እህቴ፣ ይቅር በይኝ» ብትላት እኮ ተቃቅፈው አልቅሰው፣ ወዲያው በካፖርቱ ይሳሳቁ ነበር። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ለፋሲካ ትነግረኛለች፣ ስታመም ልትጠይቀኝ ስትመጣ ትነግረኛለች... አሥራ አንድ ወር። እሷ ግን በመጣች ቁጥር ናፖሊ ላይ አንድ መንገድ ትጨምርባት ነበር። በጣም ነው ያዘነችባት። የመቅ... የዚያች ልጅ ሦስት ቀን ይበልጣል ወይስ የእህቷ አሥራ አንድ ወር? እኔ እንጃ።

እንዴ ሹፌራችን! ኤግዚቱን አለፍሽው እኮ! ቅድምም አልፈሽው ዞረን ነው የተመለስነው። ናፖሊን ያለ ካርታ ያዳረሰ ሰው የሳን ሆዜ ኤርፖርት ይጠፋዋል? ግድየለም፣ ዙሪና ተመለሺ፣ አንቸኩልም። መቅደስ እንደሆነች መጠበቅ ታውቅበታለች።

ላብሽ ግን! አንገትሽ ሁሉ ረጥቧል። ሱልጣና፣ እስቲ ሶፍት አቀብያት። ጃኬቱን አውልቂው እንጂ እናቴ፣ ሰው እንዳየሽ አይቆጠርም፣ እኛው ነን።

ይኸው ደረስን። እዚህ አቁሚ፣ ቦታ አለ። እኔና ሱልጣና ኋላ ኋላ እንመጣለን፣ አንቺ ቅደሚ። እኔማ በየት አውቄያት? ሱልጣናዬ፣ ትናንት ደውላ ምን እንዳለችኝ ነግሬሻለሁ? «እትዬ ፋንታዬ፣ ልብሴን ሁሉ ለጓደኞቼ ሰጥቼ ነው የምመጣው። አንድ ካርቶን ብቻ በብብቴ ይዣለሁ፣ ዓመት ሙሉ አልጋዬ ሥር ያስቀመጥኩትን። ከበሩ ስወጣ ከፍ አድርጌ እይዘዋለሁ፤ ባለስሟ እዚያ ካለች እጇን ታውጣ፣ ልሳማት» አለችኝ። የማን ስም እንደሆነ ግን አልጠየቅኋትም። ምን አገባኝ?

ሂጂ በይ፣ የኔ እህት። እግዜር ውለታሽን ይክፈልሽ። እኛን በሰላም እንዳደረስሽን፣ አንቺንም ካሰብሽበት አገር ያድርስሽ። በሄድሽበት ሁሉ፣ በብርዱም በሙቀቱም፣ ስምሽን ከፍ አድርጎ ይዞ ቆሞ የሚጠብቅሽ ሰው አያሳጣሽ።

አሜን በይ እንጂ!