የሀጂ ሀቢቡ ልዩ ቤንዚን

ሰው ገንዘቡን ወንዝ ቢወስድበት እናዝንለታለን። ሌባ ቢወስድበት ደግሞ ሌባውን እንረግማለን። በገዛ እጁ ለሌባ አስረክቦ፣ በዚያ ላይ «አላህ ይስጥልኝ» ብሎ አመስግኖ የሚመለሰውን ግን ምን እንበለው? ዛህራን ያን ቅዳሜ ቡታጅራ ላይ ያንጨረጨራት ይኸው ነበር።

ዛህራ ወልቂጤ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የመኪና ጥገና ታስተምራለች። ለአረፋ ሳምንት ሲቀረው ወደ ትውልድ ከተማዋ ወደ ቡታጅራ መጣች። ከመናኸሪያው ወጥታ መንገዱን ስትሻገር አጎቷን ሀጂ ሀቢቡን አየቻቸው። ሀጂ ሀቢቡ መስቃን ውስጥ በርበሬና እንሰት የሚያለሙ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የሚሰማ ሽማግሌ ናቸው። ያን ጊዜ ግን ጀማሉ የሚባል ነጋዴ በውሃ ፕላስቲክ ሞልቶ መሬት ላይ ከደረደረው ቤንዚን ፊት ቆመው፣ አንዱን አንስተው ወደ ፀሐይ እያዩ «ማሻአላህ» ይላሉ። ቤንዚኑ ቀይ ነው።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አጎቴ።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም። ዛህራ ነሽ? እንኳን በደህና መጣሽ ልጄ።»

«እንኳን ደህና ቆዩኝ። ይሄ ሁሉ ቤንዚን ለምንዎ ነው? እርስዎ እንኳን መኪና ብስክሌትም የለዎትም።»

«ለሸረፋ ነው» አሉ፣ የልጃቸውን ስም ሲጠሩ ፊታቸው በርቶ። «ትናንት ከአዲስ አበባ ገብቷል። መኪናውን አላየሽም እንዴ? ዝቅ ብላ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ስትነሳ ጎረቤት የምትቀሰቅስ። እሷ እንደ ሌላው ተራ ቤንዚን አትጠጣም። ጀማሉ፣ አላህ ይስጠውና፣ ልዩውን ለእኔ ብሎ ያስቀምጥልኛል።»

«ዋጋውስ?»

ሀጂ ሀቢቡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የማደያውን ሦስት እጥፍ።»

«ለስፖርት መኪና ብቻ የሚመጣ ነው እህቴ» አለ ጀማሉ፣ ሳይጠየቅ። «ሱፐር ነው። አንዴ የቀመሰች መኪና ሌላ አትነካም።»

«ከየት ነው የሚመጣው? ደረሰኝ አለህ?»

«እኛ ጋ ደረሰኙ መተማመን ነው።»

ዛህራ ደሟ ፈላ። ነገር ግን በአጎቷ ፊት፣ በአደባባይ፣ እሳቸው ያመኑትን ሰው ማዋረድ እሳቸውን ማዋረድ ነው። ዋጠችው። ፕላስቲኮቹ ጋሪ ላይ ተጫኑ፤ እሷና አጎቷም ከጋሪው ኋላ በእግራቸው ተከተሉ።

«አጎቴ፣ አይቆጡኝና፣ ይህን ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ሸረፋ እዚህ ቤት መሥራት ከጀመረ አንስቶ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣል፤ ሲመጣም ሲሄድም እሞላለታለሁ።»

«እሱ ሠርቶ የሚያድር ነጋዴ አይደል? ለምን ራሱ አይሞላም?»

ሀጂ ሀቢቡ ቆሙ። ጋሪውም ጥሏቸው ሄደ። «ስሚኝ ልጄ። አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የእንግዳ በቅሎ ከደጃቸው ገብስ ሳትበላ ሄዳ አታውቅም። የቤቱ በቅሎ ገለባ ትብላ፤ የእንግዳው ግን ገብስ። የመጣው ሰው መከበሩ በከብቱ ይታወቃል። ዛሬ በቅሎው መኪና ሆነ እንጂ ወጉ ያው ነው። ልጄን ወጥ አብልቼ መኪናውን ባጃጅ የሚጠጣውን ባጠጣት ሰው ምን ይለኛል?»

ወጉማ መልካም ነው፤ ማን ይነቅፈዋል? እንግዳን ማክበር፣ ከእንግዳው ጋር የመጣውን እንስሳ ሳይቀር ማሰብ፣ የዚያ አገር ሰው የሚኮራበት ነው። ነገር ግን በቅሎ ገብሱ ቢበሰብስ አሽትታ ትተወዋለች። መኪና ማሽተት አትችልም። ባለቤቱም አፍንጫውን ከያዘ ነገሩ ተበላሸ።

«ወጉን አከብራለሁ» አለች ዛህራ። «ግን እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር ነው ይባላል። የእኛ ሸረፋ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየተመላለሰ ወርቅ እንደሆነ ሊቀር ነው?»

ሽማግሌው ሳቁ። ዛህራም ሳቃቸው ሳያልቅ ጠየቀች። «ከይሪያስ? ወልቂጤ ለነርስ ትምህርት ማለፏን ሰምቼ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ምዝገባው ሰኞ ያበቃል። እኔ ጋ እንድታድር ክፍሌን አዘጋጅቻለሁ።»

ሳቁ ጠፋ። ከይሪያ የሀጂ ሀቢቡ የመጨረሻ ልጅ ናት።

«ለዘንድሮ ይቆይ ብያታለሁ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «እጄ አጠረ። ዓመት ምን አላት? ዓይን ጨፍኖ እንደ መግለጥ ናት።»

«እጅዎ በምን አጠረ?»

ሀጂ ሀቢቡ እርምጃቸውን አፍጥነው ጋሪው ላይ ደረሱ። ጋሪው ላይ ያለው ፕላስቲክ እርስ በርሱ ይጋጫል።

«አጎቴ፣ ልናገር። ቢመቱኝም ይምቱኝ። የልጅዎን ትምህርት ጋሪ ላይ ጭነው እየሄዱ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ኩራት ራት ነው ይባላል።»

«ራቱ የማን ነው? እርስዎ የሚኮሩበትን ራት ከይሪያ ናት ጾሟን አድራ የምትከፍለው። ዓመት ቢያልፍ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። መኪና ቤንዚን ቢያጣ ይቆማል፤ ሲሞሉለት ይነሳል። ሴት ልጅ በዚህ ዕድሜዋ ትምህርት ካቆመች ግን ማን መልሶ እንደሚያስነሳት እርስዎም ያውቃሉ።»

ሀጂ ሀቢቡ ተቆጡ። ፈጠን ፈጠን እያሉ ቀድመዋት ሄዱ፤ እሷም እስከ ግቢው በር ድረስ ከኋላቸው ተከተለች።

መኪናዋ ግቢው መሀል ቆማለች። ቀይ፣ አብረቅራቂ፣ ከዶሮ ማደሪያው ብዙም ከፍ የማትል። ሸረፋ፣ መርካቶ ጨርቅ የሚነግደው የሠላሳ ዓመቱ ጎልማሳ፣ ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ደግኖ ያዳምጣል። ሞተሩ ያንኳኳል፤ ነዳጅ ሲሰጠውም ያስላል።

«ይሄውና» አሉ ሀጂ ሀቢቡ በድል አድራጊነት። «የትናንቱ ልዩ ስላለቀባት ነው የምታስለው። አምጡ፣ ይጨመርላት።»

«ቆይ አጎቴ። ሸረፋ፣ ሞተሩን አጥፋ። የቤንዚን መሙያዋን ክፈት።»

ሸረፋ ከፈተ። መኪናዋ ከዱባይ የመጣች ስለነበረች ከክዳኑ ውስጥ የተለጠፈው ጽሑፍ ዓረብኛ ነው። ዛህራ ከዓረብኛ ፊደል አንዱንም አታውቅም፤ አጎቷ ግን በልጅነታቸው መድረሳ የተቀመጡ፣ ኪታብ ሲያነቡ ያደጉ ናቸው።

«እርስዎ ያንብቡልን። እኔ ብናገር የተማረች ነገር አበዛች ይሉኛል። የሠሯት ሰዎች ምን እንደምትጠጣ ጽፈውላታል።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ። አንድ ጊዜ አነበቡ። ደገሙት።

«ቢንዚን ... ዓዲ» አሉ ቀስ ብለው።

«ምን ማለት ነው?»

«ተራ ... ተራ ቤንዚን።» ቀና አሉ። «እንዴት ተራ? ይቺን የመሰለች መኪና?»

«መልኳ የስፖርት ነው፤ ሞተሯ ግን ተራውን ነው የሚጠይቀው።»

«ታዲያ ልዩ ቤንዚን የሚባል ነገር የለም ልትዪኝ ነው?»

«አለ እንጂ፤ አልዋሽዎትም። ቤንዚን ሞተር ውስጥ ገብቶ በኃይል ይጨመቃል፤ ከዚያ ካንዴላው እሳት ይጭርበታል። አንዳንዱ ሞተር በጣም ነው የሚጨምቀው። ተራ ቤንዚን እዚያ ሲገባ ጭንቁን አይችለውም፤ እሳቱ ሳይጫር ቀድሞ ይፈነዳል። ያ ነው የሚያንኳኳው፤ ሲቆይም ሞተሩን ይበላዋል። ልዩው ቤንዚን ጭንቁን ችሎ ሰዓቱን ይጠብቃል። እንግዲህ ሰው ሁሉ ጉልበት ያለው ይመስለዋል፤ ያለው ግን ጉልበት አይደለም፣ ትዕግሥት ነው፤ ሰብር።»

«ሰብር» አሉ ሀጂ ሀቢቡ፤ ቃሉ ደስ አላቸው።

«አዎ። ሠሪው ‹ልዩውን ስጧት› ብሎ ከጻፈ ውድም ቢሆን ይሰጣታል፤ በእሱ መቆጠብ ሞተር መግደል ነው። ‹ቢሰጣት ይሻላል› ብሎ ከጻፈ ባለቤቱ አስቦበት ይወስን። ‹ተራ ይበቃታል› ካለ ግን ትርፉ ሁሉ ከንቱ ነው።»

«ቢበዛስ ምን ይጎዳታል? ጥሩ ነገር በዝቶ ያውቃል?»

«ለሕመምተኛ የታዘዘ መድኃኒት ጤነኛ ቢውጠው ይጠነክራል? ኪሱ ነው የሚሳሳው።»

ሽማግሌው አገጫቸውን ያዙ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳላቸው ጣታቸውን አነሱ። «ተራ ከበቃት ለምን ታንኳኳለች? ልዩውን ነው ስሰጣት የከረምኩት።»

ይህን ጥያቄ ነበር ዛህራ የምትጠብቀው። ከይሪያን ጠርታ ነጭ ወረቀት አስመጣች። ማድ ቤቱ እሳት ነበረውና ሁሉንም ወደ ግቢው ዳር ወሰደቻቸው። ከጀማሉ ቀይ ቤንዚን ጥቂት ጠብታ ወረቀቱ ላይ አንጠባጥባ ጠበቀች።

«ንጹሕ ቤንዚን ወዲያው ይተናል፤ ወረቀቱን ብዙም ሳያቆሽሽ ይሄዳል። ይሄንን ይዩት።»

ቆዩ። ወረቀቱ አልደረቀም። በመሀሉ ቀይ ቀለም፣ በዙሪያው ደግሞ እንደ ቅባት የሚያበራ ክብ ቀረ። ሀጂ ሀቢቡ ወረቀቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«ላምባ ነው» አሉ። «እኔ በኩራዝ ብርሃን ቁርአን የቀራሁ ሰው ነኝ። ይህን ሽታ ተኝቼ እንኳ አልስተውም።»

«ላምባ ደግሞ ያ ሰብር ጨርሶ የለውም» አለች ዛህራ። «የምታንኳኳው ለዚህ ነው። ከማደያ የወጣውን ተራ ቤንዚን በላምባ አራክሶ፣ ቀለም በጥብጦበት፣ ሦስት እጥፍ ሸጠልዎት። ተራው በስንት ጣዕሙ።»

ሀጂ ሀቢቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እንግዳዬን የበሰበሰ ገብስ አበላሁ» አሉ። «በገዛ ልጄ መኪና ላይ።»

እስካሁን አንገቱን ደፍቶ የቆመው ሸረፋ ተጠጋ። «አባ፣ አይዘኑ። እኔም ጠርጥሬ ነበር። አዲስ አበባ የማደያውን ነው የምሞላት፤ እዚያ አታስልም። እዚህ ስመጣ ነው የምታመው።»

ዛህራ የዋጠችው ንዴት ሁሉ ይህን ጊዜ ወጣ። «ጠርጥረህ ነበር? ጠርጥረህ ዝም አልክ?»

«ደስታቸውን እንዴት ልንሳ? ቤንዚኑን ሲቀዱልኝ ፊታቸው ...»

«ዝምታ ወርቅ ነው ያሉት ለዚህ አይደለም። ጀማሉ ሌባ ነው፤ ሥራው ነውና ሰረቀ። አንተ ግን ልጅ ነህ። አባትህ እየተመዘበሩ፣ እህትህ ቤት ልትቀር ሁለት ቀን ሲቀራት፣ አንተ ይሉኝታ ይዞህ ታንክህን ታስሞላለህ? መኪናህ ስታስል ሰማህ፤ ከይሪያ ጓዳ ገብታ ብታለቅስ ግን አትሰማም።»

«ትምህርቱ ስለ ገንዘብ መቅረቱን አልነገሩኝም» አለ ሸረፋ በቀጭን ድምፅ። «ራሷ ያልፈለገችው ነው የመሰለኝ።»

ከይሪያ ወረቀት አምጥታ እዚያው ቆማ ነበር። «ማንም አልጠየቀኝም» አለች።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አባቶች፤ ጠርጥሮ ዝም ያለውን ምን እንደሚሉት ግን አልነገሩንም። እንዲህ ነው ቤት የሚፈርሰው። አባት ለክብሩ ያወጣል፤ ልጅ ለይሉኝታው ይቀበላል፤ ነጋዴ መሀል ቆሞ ይሰበስባል፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን ወሬውም ያልደረሳት ልጅ ናት።

ሀጂ ሀቢቡ ሰው ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸውና እውነት ሲያዩ አልተከራከሩም። ዱላቸውን አንስተው፣ ፕላስቲኮቹን መልሰው አስጭነው፣ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ወደ ጀማሉ ሄዱ። ጀማሉ መጀመሪያ ማለ፤ ጎረቤቶቹ ወረቀቱን ሲያሸቱት መማሉን ተወ። የተቀበለውን ገንዘብ ከሰኞ በፊት ሊመልስ በሽማግሌ ፊት ቃል ገባ። በዚያው ሳምንት የሰፈሩ ሰው እንደ ሀጂ ሀቢቡ ለእንግዳው መኪና ብሎ በየጓዳው ያከማቸውን ቤንዚን ሁሉ አወጣ፤ እናቶች እሳትና ቤንዚን አንድ ጣሪያ ሥር ይዘው ማደራቸው ያን ጊዜ ገባቸው። እሑድ ሸረፋ ማደያ ሄዶ ከባጃጆች ኋላ ግማሽ ቀን ተሰልፎ ተራውን ቤንዚን ሞላ። ዛህራ ጥላሸት የለበሱትን ካንዴላዎች ነቅላ ጠረገችለት። ሞተሩ ማሳሉን አቆመ።

ከዚህ ወዲያ ሀጂ ሀቢቡ ስለ እንግዳ ሲጠየቁ የሚሰጡት ምክር አንድ ነው። «እንግዳህን አክብር። ነገር ግን የሚጠቅመውን ጠይቀህ ስጠው፤ ውድ የሆነውን ገምተህ አትስጠው። ከእንግዳህ አስቀድመህ ደግሞ የቤትህ ልጅ ምን እንደጎደላት ተመልከት።»

ይህን ምክር ግን በመጀመሪያ የተናገሩት ለሰፈር ሰው አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ በዚያችው ዝቅተኛ መኪና ተጨናንቀው ወልቂጤ ደረሱ። የምዝገባው ጸሐፊ የከይሪያን ወረቀት አገላብጣ አየችና ጠየቀች።

«ሌሎቹ ከተመዘገቡ ሁለት ሳምንት ሆናቸው። አንቺ ለምን እስከ መጨረሻው ቀን ቆየሽ?»

ከይሪያ አባቷን አየች። «ታምሜ ነበር» አለች ቶሎ ብላ።

ሀጂ ሀቢቡ እጃቸውን መስኮቱ ላይ አሳረፉ። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሁሉ ይሰማል።

«አልታመመችም» አሏት ጸሐፊዋን። «የዘገየችው እኔ አባቷ መኪና ከእሷ አስቀድሜ ነው። እንደዚያ ብለሽ ጻፊው።»

ወደ ከይሪያም ዞሩ። «አውፍ በዪኝ» አሏት። በዕድሜያቸው ሙሉ ሰው ሲያስታርቁ ለሌላው ያስተማሩትን የይቅርታ ቃል፣ ለልጃቸው ሲናገሩት ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።