መጨረሻው ስለገጠመ

(የአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ የሰርቨር ክፍል ኃላፊ ጋሽ ወንድይራድ፣ በእሳቸው ክስ ከሥራ በታገደችው በትርሲት የኮንዶሚኒየም በር ላይ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።)

ትርሲት፦ ኧረ ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ! ጎረቤት ምን ይላል?

ወንድይራድ፦ አልገባም አልኩሽ። በየትኛው ፊቴ? እዚሁ ልንገርሽ።

ትርሲት፦ ምን ተገኘ ደግሞ? ሌላም ያጠፋሁት ማሽን አለ?

ወንድይራድ፦ አንድም ያጠፋሽው የለም! ሰርቨሩ ውስጥ ያሉት ቨርቹዋል ማሽኖች ሁሉም እዚያው ናቸው።

ትርሲት፦ ታዲያ ቅጂያቸውን የሚያስቀምጠው ባክአፕ ለምን «የማውቃቸው ጠፍተዋል፣ እነዚህ ባዳ ናቸው» አለ?

ወንድይራድ፦ ወደ አዲሱ ሲስተም ስናዛውራቸው መለያ ቁጥራቸው ተገልብጦ ተነበበ። ማሽኑ ውስጥ፣ ፈርምዌሩ ሰንጠረዥ ላይ የተጻፈው ቁጥር ያው ነው። አሮጌው እንደተጻፈ ያነበው ነበር፤ አዲሱ ግን የፊተኞቹን ሦስት ክፍሎች ባይታቸውን፣ ማለትም ጥንድ ጥንዱን ቁጥር፣ ከኋላ ወደ ፊት ያነባል። የቀሩትን ሁለቱን አይነካም።

ትርሲት፦ ሦስቱን ገልብጦ ሁለቱን እንዳሉ? የምን አመል ነው?

ወንድይራድ፦ አመሉ የቆየ ነው። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ትርሲት፦ ግን እኮ ከዝውውሩ በኋላ እርስዎ ራስዎ አመሳክረው «ልክ ነው» ብለዋል።

ወንድይራድ፦ መጨረሻውን ብቻ ነዋ ያየሁት! ያንን ረጅም ቁጥር ማን ከጥግ እስከ ጥግ ያነባል? መጨረሻው ደግሞ አይገለበጥም፤ ሁሉም ገጠመልኝ።

ትርሲት፦ እኛንም ያስተማሩን እንደዚያው ነው። «መጨረሻውን ካያችሁ ይበቃል።»

ወንድይራድ፦ ተይኝ ትርሲትዬ፣ አፍሬያለሁ። ያን ሁሉ የክፍላችንን ሰው ሰብስቤ «ማሽኖቹን አጥፍታ፣ በሌላ ተክታ ልትሸፍን ነው» አልኩ። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ!

ትርሲት፦ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ጋሼ። እኔ ለእናቴ እንኳን «የዓመት ፈቃድ ላይ ነኝ» ብያት ነው ያለሁት። አሁን ምን ልታዘዝ?

ወንድይራድ፦ ነገ ጠዋት ነይና ድምፃችንን አጥፍተን እናስተካክለው። «ሲስተሙ ነው ያሳሳተን» እላለሁ፤ እገዳሽ ይነሳል።

ትርሲት፦ ሲስተሙ?

ወንድይራድ፦ ጡረታዬ ደርሷል እኮ፣ ልጄ። እነዚያ በሥራ ያሳደግኳቸው ልጆች ፊት እንዴት ብዬ…

ትርሲት፦ ቢሉም እገዳው አይነሳም።

ወንድይራድ፦ ለምን አይነሳም?

ትርሲት፦ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ።

ወንድይራድ፦ ምን አልሽ? ማነው ያስገደደሽ?

ትርሲት፦ ማንም። ማሽን ማጥፋቴ ጨርሶ ትዝ አይለኝም። ግን ጋሽ ወንድይራድ ካሉ ሳላጠፋ አልቀርም ብዬ ነው።

ወንድይራድ፦ እኔ ስላልኩ ብቻ?

ትርሲት፦ እርስዎ ሲሳሳቱ አይቼ አላውቅማ።

ወንድይራድ፦ ልበሺና ውረጂ። ያን ቀን ስብሰባው ላይ የነበሩትን ሁሉ አሁኑኑ አስጠራለሁ። አንቺ ተቀምጠሽ ትሰሚያለሽ፣ እኔ ቆሜ እናገራለሁ።