አሮጊቷን ማውረድ

የአጎቴን የደም ግፊት ክኒን ይዤ የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ እወጣለሁ። ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል፤ «በጥገና ላይ» የሚለው ወረቀት ራሱ አሁን ጥገና ያስፈልገዋል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሼን ልሰበስብ ስቆም፣ አንዲት ወጣት ሴት ወረቀት ታቅፋ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ወደ ላይ ነሽ?» አለችኝ።

«ወደ አጎቴ ነኝ። የሰማይ ዘበኛው ጋ።»

ሳቀች፤ የደከመ ሳቅ ነበር። «እኔም ወደ እሳቸው ነኝ። ዛሬ ብቻ ለስድስተኛ ጊዜ።»

ያኔ ማን እንደሆነች ገባኝ። አጎቴ እቤት ሲመጣ ስሟን እያነሳ የሚያማርራት መሐንዲስ ናት። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «አዲሷ» ነው የሚሏት፤ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው፣ ግን እዚያ ቤት ሰው እስኪሸብት ድረስ አዲስ ነው። አጎቴ ደግሞ ያለችንን አንዲት ሳተላይት አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው ነው። ማሳና ደመና ፎቶ እያነሳች ትልካለች። ሠራተኞቹ «አሮጊቷ» ይሏታል፤ እሱ «ልጄ» ይላታል። የራሱ ልጅ የለውም። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንደሚባለው፣ እሱም አንድ ስላለችው ቢሮ ያለው ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው።

«ደግሞ ምን ሆናችሁ?» አልኳት እየወጣን።

አዲሷ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ነገረችኝ። ነገ እኩለ ቀን ላይ የሌላ አገር የሞተ ሮኬት ቁራጭ፣ አውቶቡስ የሚያክል፣ በአሮጊቷ አጠገብ ያልፋል፤ ሊገጫትም ይችላል። የቀራት ነዳጅ ጥቂት ነው። ለመሸሽ ከተጠቀሙበት ታመልጣለች፤ ከዚያ ግን መውረጃ ስለማይኖራት ሞታ እዚያው ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ስትዞር ትኖራለች። አሁን ማውረድ ከጀመሩ ደግሞ ከቁራጩም ትርቃለች፣ በጥቂት ዓመታትም አየር ውስጥ ገብታ ተቃጥላ ታልቃለች። ሥራዋ ግን ዛሬ ያበቃል። በአንቴናችን ላይ የምታልፈው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ትዕዛዙ ያኔ መሄድ አለበት።

«እሱስ ምን አለ?»

«‹ልጄን በሕይወቷ አልቀብርም› አሉ።»

ክፍሉ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ስክሪን፣ የሚንቋቋ ማራገቢያ፣ በልብስ መቆንጠጫ የተያያዘ መጋረጃ። አጎቴ አንድ እግሩን ጫማ አድርጎ ሌላውን አውልቆ ተቀምጧል። ክኒኑን ያለ ውሃ ዋጠው።

«አንቺም ተልከሽ ነው?» አለኝ።

«የላከችኝ እናቴ ናት፤ ወንድሜን የሚገድለው ሳተላይቷ ሳትሆን ግትርነቱ ነው ብላለች።»

አዲሷ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ጋሼ፣ ስለ ሰማይ ቆሻሻ የመጣው ደብዳቤ እኮ የሚለው ግልጽ ነው። የብዙ አገር ተወካዮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የተስማሙበት ነው። ሥራውን የጨረሰ ነገር መንገድ ላይ አይተው፤ ነዳጁና ባትሪው ባዶ ይሁን፤ ይውረድ። በፊት ሃያ አምስት ዓመት ይታገሡ ነበር፤ አሁን አምስት ይበቃል የሚሉ አሉ።»

«ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ይሏታል ጅግራ» አለ አጎቴ። «ስድሳ ዓመት ሙሉ ሰማዩን ቆሻሻ ያደረጉት እነማን ናቸው? እነሱ! በሺህ የሚቆጠር ሰቅለው ሲያበቁ፣ አንድ ያለንን ሰዎች ጠርገህ ውጣ ይሉናል። እንግዳው በልቶ ሲያበቃ ሳህን የሚያጥበው ጎረቤት ነው?»

እዚህ ላይ አጎቴ እውነቱን ነው፤ እኔም ልቤ ከእሱ ጋር ነበር። አዲሷም አልካደችም።

«ልክ ነዎት፣ ጥፋቱ የእነሱ ይበልጣል። ደንቡ ግን እነሱንም ነው የሚይዘው፤ ዘግይተውም ቢሆን እየሠሩበት ነው። መንገዱ ደግሞ የሁላችንም ነው፣ ጋሼ። ነገ የእኛ ልጆች ሌላ ሳተላይት ሲልኩ የሚያልፉበት በዚያው ነው።»

«ሰማዩ ሰፊ ነው።»

«ሰፊ ነው፤ የምንሄድበት ከፍታ ግን አንድ ዓይነት ነው። እዚያ ላይ ቡሎን እንኳ ከጥይት ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ከዓመታት በፊት አንድ የሞተ ሳተላይት ከሚሠራ ሳተላይት ጋር ተጋጭቶ በሺህ የሚቆጠር ስብርባሪ ሆነ። ያ ስብርባሪ ዛሬም ሌላውን ያሳድዳል። በዚህ ዓመት ስንት ጊዜ ሸሸን?»

«አሥራ አራት» አለ አጎቴ። ሳያስብ ነው የመለሰው፤ እያንዳንዷን ያውቃታል። «ነዳጇን የጨረሰው እኮ እሱ ነው! የሰው ቆሻሻ ሽሽት!»

«እሱን ነው የምልዎት።»

«ታዲያ ሄደው አይለቅሙትም?»

«የሚሞክሩ አሉ። በመረብ፣ በብረት ክንድ። ግን አንዱን መያዝ ራሱ ትልቅ ጣጣ ነው። ሞተም አልሞተ ደግሞ ዕቃው የባለቤቱ ነው፤ ያለ ፈቃዱ ማንም አይነካውም።»

አጎቴ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «በቃ! ባለቤት ካለው ባለቤቱ ያንሳው! ቁጥሩን አምጪ።»

አዲሷ ቁጥሩን ከመዝገብ ፈልጋ ሰጠችው። ስልኩ ብዙ ጠራ። በመጨረሻ አንድ ሰውዬ በውጭ ቋንቋ መለሰ፤ ድምፁ እንደ አጎቴ ድምፅ እንቅልፍ ያጣ ነው። አጎቴ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው፤ አዲሷ እየተረጎመች በጆሮዬ ታንሾካሹክልኝ ጀመር።

«የናንተው ሮኬት ነገ በልጄ አጠገብ ሊያልፍ ነው። ዘወር አድርጉት!» አለ አጎቴ።

«ጌታዬ፣ እሱ ከሞተ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው።»

«እንግዲያው የሚመለከተውን ሰው አገናኘኝ።»

«የሚመለከተው ሰው ሞቷል። ከእሱ ቀጥሎ የነበረውም ጡረታ ወጥቷል። እኔ የማውቀው የት እንዳለ ብቻ ነው።» ሰውዬው ተነፈሰ። «በዚህ ወር እንዲህ ብለው የደወሉልኝ እርስዎ አራተኛው ነዎት። ያኔ ትንሽ ነዳጅ አስቀርተውለት ቢሆን ኖሮ... ይቅርታ ከማለት በቀር የምሰጥዎ ነገር የለኝም።»

አጎቴ ሊሳደብ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው። «አይዞህ» ብሎ ስልኩን አስቀመጠ።

አዲሷ ዝም አለች፤ የተማረ ሰው የት ላይ ዝም እንደሚል ያውቃል። እኔ ስምንተኛ ላይ ስላቆምኩ ያን ትምህርት አልደረስኩበትም።

«ጋሼ፣ ጡረታ የምትወጣው መቼ ነው?» አልኩት።

«አራት ወር ቀረኝ። ምነው?»

«ልጅህ እዚያ ላይ ሞታ ስትዞር፣ ሌላ አገር ያለ እንዳንተ ያለ ሽማግሌ ይሄን ስልክ ሲደውል ማን ነው የሚያነሳው? አዲሷ? ‹ባለቤቱ ሞቷል፣ ይቅርታ› ትበለው?»

«አፍሽ!» አለ አጎቴ። ግን አልተቆጣም። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በሁለት መዳፉ አሸ፤ ለረጅም ጊዜ አሸ። «እኔ እኮ በሕይወት እያለች ተሰናብቻት ልወጣ ነበር የፈለግሁት። አራት ወር ብቻ።» ወደ አዲሷ ዞረ። «ፎቶውስ? ገበሬው የደመናውን ነገር ከየት ይስማ?»

«ተተኪዋ ሳተላይት እስክትወጣ ስምንት ወር ያህል የጎረቤት አገር ሳተላይት ፎቶ እየተዋስን እንሠራለን። እንደራሳችን አይሆንም። አልዋሽዎትም፣ እንቸገራለን።»

«ይሄ ነው ደህና መልስ» አለ። «ስድስት ጊዜ ስትመጪ ጥቅሙን ብቻ ነው የነገርሽኝ። ጥቅሙን ብቻ የሚነግረኝን ሰው አላምንም።»

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ያወለቀውን ጫማ አደረገ። ስክሪኑ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ከጥግ ብቅ አለች። አዲሷ ትዕዛዙን አዘጋጅታ ወንበሯን ለቀቀችለት።

«እርስዎ ይላኩት ጋሼ።»

«እኔ ነኝ እንጂ ሌላ ማን ይልከዋል?» አለና ተጫነው። ነጥቧ ምንም የተለየ ነገር ሳታሳይ መንገዷን ቀጠለች። «ሰማች» አለ ጥቂት ቆይቶ፣ ቁጥሮቹን እያየ። «ሁልጊዜ ትሰማለች።»

በማግስቱ የሮኬቱ ቁራጭ በሩቁ አለፈ። በቀጣዮቹ አምስት ሳምንታት አሮጊቷ ቀስ በቀስ ዝቅ አለች። ይህን ማድረግ ምን እንደሚጠቅም ያየሁትን ልናገር፤ እኔ ቃሉን አላሳምርም። እሷ ሞታ ማንንም አትገጭም። ነዳጇና ባትሪዋ ባዶ ስለሆነ ፈንድታ አትበታተንም። ቀጥላ የምትመጣው ሳተላይት የገዛ ዘመዷን ሬሳ እየሸሸች ነዳጇን አትጨርስም። የማናውቀው አንድ ሰውም፣ በማናውቀው አገር፣ አንዲት ሌሊት ተኝቶ ያድራል። ሌላው ስላቆሸሸ እኔም ላቆሽሽ ማለት ግን ማንንም አይክስም፤ የደዋዩን ቁጥር ያበዛል እንጂ።

የአሮጊቷ ድምፅ የሚጠፋበት ቀን አጎቴ ጸጉሩን ተቆርጦ መጣ። ማሰራጫዋን ራሱ አጠፋው። ከዚያ አዲሷ ለዓለም አቀፉ መዝገብ የሚላክ ቅጽ ሰጠችው። ሁሉንም ቶሎ ቶሎ ሞላና አንዱ መስመር ላይ ቆመ፦ «ወደፊት ችግር ቢፈጠር የሚጠራ ሰው»።

«ተቃጥላ እስክታልቅ አራት ዓመት ስላለ የእኔን ስም ይጻፉ» አለችው።

ጻፈ። እስክሪብቶውን ግን አላነሳም። ከስሟ ጎን፣ ቅጹ ባልጠየቀው ባዶ ቦታ ላይ፣ በዚያ በሚያምረው የድሮ ሰው እጅ ጽሑፉ ጨመረበት፦

«ከአራት ዓመት በኋላ ማንም አይጠራም።»

ከዚያ ቤት ሄዶ ሁለት ቀን ተኛ።